ሦስት ለአንድ

እሺ… ይሰማል? ይሰማል። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ። የጎረቤቴ አውራ ዶሮም አለ፣ ካለሱ ተቀርጾ አያውቅ።

ስለ ሚኒስትሩ፣ ቤት ውስጥ እንዲህ ስለምንለው ወንድሜ፣ አዲስ ኩላሊት ከተተከለለት ወዲህ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ደህና ነው። ክሬቲኒኑ፣ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ፣ ወርዷል። ይሸናል! አትሳቁ፣ የኩላሊት እጥበት ላይ ሰው የነበረበት ቤት ያውቀዋል፣ ትልቅ ዜና ነው። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ «ስብሰባ አለኝ» እያለ አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ መዋል ቀረ። ውኃ እንደ ልቡ ይጠጣል።

ግን ዛሬ ስለሱ አይደለም። ስለ እህታችን ነው።

እሑድ ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል። ሁሉም ማስክ አድርጓል፣ በር ላይ ቆማ ያደለችው እሷ ናት። መድኃኒቱ ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው የመከላከል አቅሙን ያወርደዋል፣ ስለዚህ ጉንፋን የያዘው ሰው እንዳይስመው ትፈራለች። ሰው ሁሉ ወደ ሶፋው ነው። «እንኳን እግዜር ማረህ!» እሷ ረከቦቱ ጋ ቁጭ ብላ ቡና ትቆላለች። ኩላሊቷን የሰጠችው እኮ እሷ ናት! ከባድ ነገር እንዳታነሺ ተብላለች። ጀበናውን ልታወርድ ስታጎነብስ እጇ ወደ ጎኗ ሄደ። አየሁ። አክስቴም አየች።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አንዷም ትበቃለች» አለቻት። ከዛ ስኒዋን ዘረጋች። «እስቲ ስኳር ጨምሪልኝ።»

ጨመረችላት።

አክስቴ አልዋሸችም እኮ። ሐኪሙም ያሉት ይህንኑ ነው፤ የቀረችው ኩላሊት ትንሽ ገዘፍ ብላ ሥራውን ትሸፍናለች። እኔ ራሴ ለእማዬ ስንቴ ደግሜላታለሁ። ከሐኪም አፍ ሲወጣ ያረጋጋል። ከአክስቴ አፍ ሲወጣ ግን… ሒሳቡ ተዘጋ ማለት መሰለኝ። «አንዷም ትበቃለች»፣ ከዛ ስኳር።

ሚኒስትሩ ደግሞ ቀልድ አይጎድለው። የድሮዎቹን ኩላሊቶች አብዛኛውን ጊዜ አያወጧቸውም፣ አዲሱን ከሆድ ታች በጎን በኩል ነው የሚተክሉት። «ሦስት ለአንድ እየመራኋት ነው» ይላል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ፣ ያስቃል።

እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ውስጥ፣ የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ፣ ሰጪና ተቀባይ ተመሳሳይ መንትዮች ናቸው። ሮናልድ ሄሪክ ለሪቻርድ ሰጠው። ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ መሪ በ1990 ኖቤል ተሸለሙ። ሪቻርድ ደግሞ፣ ይሄን እወደዋለሁ፣ ስታስታምመው የነበረችውን ነርስ አገባ! ሮናልድ ምን አገኘ? እስከ 2010 በአንድ ኩላሊት ኖረ፣ እሱም ቀላል አይደለም። ብቻ ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ሌሊት ሪቻርድ ተወውና ወደ ቤትህ ሂድ የሚል ወረቀት ልኮለት ነበር። ሮናልድ አልሄድም አለ።

የኛ ሚኒስትር እንዲህ ብሏት ያውቃል? እንጃ።

እዚህ አገር ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀምርም ሰጪው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ቤት ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ማዕድ ላይ። የኔ ደም አልገጠመም። ከዛ ሁላችንም… ማንም «ስጪ» አላላትም። ሐኪሞቹም ብቻዋን አስገብተው የገፋፋሽ ሰው አለ ወይ ብለው ጠይቀዋታል። የለም ብላለች። እውነቷን ነው፣ የለም። ዝም ብለን ጠበቅናት እንጂ። መጠበቅ መግፋት ነው እንዴ? አይደለም መሰለኝ። ወይም… አላውቅም።

ምናልባት እያጋነንኩ ነው። ቡናውንም ቢሆን ሌላ ሰው ቢያፈላ አትጠጣም፣ የኔንማ ታውቁታላችሁ፣ እጣቢ ነው የምትለው።

ይሄን ክፍል ልልቀቀው አልልቀቀው ራሱ… አክስቴ ፖድካስት አትሰማም። እሷ ግን ትሰማለች፣ «ማን ጠበቃ አቁሚልኝ አለሽ» ነው የምትለኝ። ሚኒስትሩም ይሰማል። እሱ ደግሞ ሰምቶ አንድ ነገር ቢላት… ወይ ምንም ባይላትስ…