ከወሊድ በኋላ ሽንት ለምን ያመልጣል? ዶክተር ዴላንሲ ያዩት ጉዳት

(ምስል፦ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ታስነጥሳለች፤ ወዲያው እግሯን ገጥማ ቆም ትላለች።)

ሰላም ናችሁ? ዛሬ የማወራችሁ አራስ ቤት ገንፎ እየተበላ፣ ሁሉም እየተሳሳቀ፣ አራሷ ብቻ ለማንም ሳትናገር ስለምትይዘው ነገር ነው። ስታስነጥስ ጠብ ይላል። ስትስቅ ጠብ ይላል። ቆይታ ጀሪካን ማንሳት ስትጀምር ደግሞ ይብስባታል። ለእናቷ ብትነግራት "የወለደ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ይተውሻል" ትላታለች። አንዳንዷን እውነትም ይተዋታል። ያልተዋት ግን ዓመታት ታፍናው ትኖራለች፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አሜሪካ ውስጥ፣ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ፣ ጆን ዴላንሲ የሚባሉ የማህፀን ሐኪም የሥራ ዘመናቸውን ለዚህ ጉዳይ ሰጥተዋል። ጥያቄያቸው ቀላል ይመስላል፦ ሴት ስትወልድ በትክክል የቱ ጋ ነው የምትጎዳው?

(ምስል፦ የዳሌ አጥንት ከነጡንቻው፣ ከጎኑ ጠፍር አልጋ።)

የዳሌ ወለል የምንለው ከፊት ካለው አጥንት ተነስቶ እስከ ጭራ አጥንት የተዘረጋ ጡንቻ ነው። እንደ ጠፍር አልጋ አስቡት። ፊኛውም ማህፀኑም አንጀቱም እሱ ላይ ነው ያረፉት። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።) ዴላንሲ በ1994 ያወጡት ሐሳብ የሽንት ቧንቧውም ከሥሩ ደጋፊ ንጣፍ አለው የሚል ነው። ስታስሉ ከላይ የሚወርደው ግፊት ቧንቧውን ንጣፉ ላይ ተጭኖ ይዘጋዋል። የአትክልት ውሃ ጎማ ሲሚንቶ ላይ አድርጋችሁ ብትረግጡት ውሃው ቀጥ ይላል አይደል? ጭቃ ላይ ብትረግጡት ግን ጎማው ይሰምጣል እንጂ ውሃው አይቆምም። ድጋፉ የላላባት እናትም ስታስል የሚገጥማት ይኸው ነው።

ከዚያ በ2003 ያሳተሙት ጥናት መጣ። ወልደው የማያውቁ 80 ሴቶችን እና የመጀመሪያ ልጃቸውን በምጥ የወለዱ 160 ሴቶችን በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ የምስል መሣሪያ) አነሷቸው። ካልወለዱት ውስጥ ጡንቻው የተጎዳባት አንዲትም አልተገኘችም። ከወለዱት ውስጥ 32ቱ ላይ ጉዳት ታየ፤ ያውም ከወለዱ ከ9 እስከ 12 ወር ካለፋቸው በኋላ። ተመልከቱ እንግዲህ፣ "ተፈጥሮ ነው" ሲባል የኖረው ነገር ፎቶ ላይ የሚታይ ጉዳት ሆኖ ተገኘ።

ለምን ይጎዳል? በ2004 ጄምስ አሽተን-ሚለር ከተባሉ መሐንዲስና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ወሊድን በኮምፒውተር ሞዴል ሠሩት። የሕፃኑ ጭንቅላት ሲያልፍ አንዱ የጡንቻ ክፍል ከመነሻ ርዝመቱ ከ3 እጥፍ በላይ ይለጠጣል። 3 እጥፍ! እኔን የሚገርመኝ የአንዳንዷ መቀደዱ ሳይሆን የብዙዎቹ ሳይቀደድ መትረፉ ነው። በ2007 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ማህፀናቸው ወይም የብልታቸው ግድግዳ ወደ ታች ከወረደባቸው ሴቶች 55 በመቶው ላይ ይሄ ጡንቻ ክፉኛ ተጎድቶ ተገኘ፤ ችግሩ በሌለባቸው ሴቶች ግን 16 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

(ምስል፦ የታጠፈ ቡናማ የእጅ መጥረጊያ ወረቀት፣ መሃሉ ላይ የረጠበ ክብ።)

እኔ በጣም የምወደው ግን ጃኒስ ሚለር የተባሉ ነርስ ተመራማሪ ከዴላንሲና ከአሽተን-ሚለር ጋር በ1998 ያሳተሙትን ነው። ሴትየዋ ወረቀቱን ከሥር ይዛ ታስላለች፣ ከዚያ የረጠበው ቦታ ስፋት ይለካል። በቃ፣ መሣሪያው ወረቀት ነው። ሴቶቹ በዕድሜ ገፋ ያሉ ነበሩ። ሳሉ ሊመጣ ሲል፣ ሽንት እንደሚቋጥር ሰው ጡንቻቸውን ጨምቀው ሳሉ እስኪያልፍ እንዳይለቁ ተማሩ። አንድ ሳምንት ከተለማመዱ በኋላ፣ በመካከለኛ ሳል የሚያመልጣቸው ሽንት በአማካይ 98 በመቶ ቀነሰ፤ በኃይለኛ ሳል ደግሞ 73 በመቶ። አሁን ቁጭ ባላችሁበት ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሆዳችሁንና መቀመጫችሁን አታጥብቁ፣ ትንፋሻችሁንም አትያዙ።

ይሄ ግን ለሁሉም አይሠራም። ጡንቻው ከአጥንቱ የተላቀቀባት እናት እንደ ልብ ልትጨምቀው አትችልም፣ ስለዚህ "ስላልበረታሽ ነው" አትበሏት፤ ሐኪም ይያት። ብልት አካባቢ የሚጎትት ወይም የሚወጣ ነገር ካለም እንደዚያው።

ሽንቱ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ፊስቱላ (በፊኛና በብልት መካከል የተከፈተ ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል፣ በልምምድ አይድንም። አዲስ አበባ ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ከ1974 ጀምሮ እነዚህን እናቶች በነፃ ያክማል፤ የምታውቋት ካለች ዛሬውኑ ንገሯት።