ከካልሲ የሚጀምር ትምህርት፦ የአሠልጣኝ ጆን ዉደን የሥራ ዘመን

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ዋና አሠልጣኝ ነው፤ ታሪኩን የምጀምረው ግን ከዋንጫ ሳይሆን ከካልሲ ነው። አዎ፣ ከካልሲ።

ቦታው ሎስ አንጀለስ ነው፤ በተለምዶ ዩሲኤልኤ የሚባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ። የውድድር ዘመኑ የመጀመሪያ ልምምድ ቀን ሲሆን ተጫዋቾቹ መልበሻ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ገና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ ስማቸው በመላው አሜሪካ የተሰማ ወጣቶች አሉ። ፊታቸው የቆሙት መነጽር ያደረጉ፣ አነጋገራቸው የረጋ ሰው ናቸው። ወጣቶቹ ታላቅ የጨዋታ ምስጢር ሊነገራቸው ነው ብለው ሲጠብቁ ሰውየው ካልሲ አነሡ። ካልሲው ከጣቶች ጀምሮ እስከ ተረከዝ እንዴት እንደሚለበስ፣ በተለይ በትንሿ ጣትና በተረከዙ ዙሪያ መጨማደድ እንዳይኖር በእጅ እንዴት እየተዳበሰ እንደሚስተካከል፣ ከዚያም የጫማው ክር በየቀዳዳው እየተሳበ እንዴት እንደሚጠብቅና ሁለት ጊዜ እንደሚቋጠር አንድ በአንድ አሳዩአቸው። የተጨማደደ ካልሲ እግርን ውሃ ያስቋጥራል፤ እግሩ ውሃ የቋጠረ ተጫዋች ልምምድ ያመልጠዋል፤ ልምምድ ያመለጠው ደግሞ በጨዋታው ቀን ለቡድኑ የሚገባውን አይሰጥም። ምክንያታቸው ይኸው ነበር።

እኚህ ሰው ጆን ዉደን ናቸው። በዩሲኤልኤ በቆዩባቸው 27 ዓመታት 620 ጨዋታ አሸንፈው 147 ተሸንፈዋል፤ በ12 ዓመት ውስጥ 10 ብሔራዊ ሻምፒዮና ወስደዋል። በዚህ ዝግጅት የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

አሁን ወደምወደው ንጽጽር ልግባ፤ ጥቂት ጊዜ ስለምወስድበት ታግሣችሁ አድምጡኝ። የቄስ ትምህርት ቤት የተማራችሁ ወይም ከአባቶቻችሁ የሰማችሁ የኔታን ታስታውሳላችሁ። ልጁ በስንደዶ ፊደሉን እየጠቆመ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» ይላል። ከዚያ አቡጊዳ ይመጣል፤ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስ፤ እርሱንም በግዕዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እየተመላለሰ ያነበዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዳዊት የሚሻገረው። የኔታ ልጁ ብሩህ ነው ብለው ሀ ሁን አያዘልሉትም። የባለጸጋ ልጅም ይሁን የድኻ፣ ፈጣንም ይሁን ዘገምተኛ፣ ሁሉም ከሀ ይጀምራል። ልጁ ሲሳሳት የኔታ ረጅም ተግሣጽ አያወርዱም፤ ትክክለኛውን ድምፅ ራሳቸው ይሉታል፣ ልጁ ይደግመዋል፣ ንባቡ ይቀጥላል።

ዉደንም እንዲሁ ነበሩ። ከልምምድ በፊት ጠዋት ከረዳቶቻቸው ጋር ተቀምጠው የዕለቱን ሥራ በደቂቃ ይከፋፍሉና በትንሽ ካርድ ላይ ይጽፉታል። ልምምዱ በሰዓቱ ይጀመራል፤ በሰዓቱም ያልቃል። አንድ ተጫዋች ሲሳሳት ትክክለኛውን እንቅስቃሴ ያሳዩታል፤ ቀጥለው እሱ የሠራውን ስሕተት ያሳዩታል፤ እንደገና ትክክለኛውን ያሳዩታል። ይህ ሁሉ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይወስዳል፤ ወዲያው ልምምዱ ይቀጥላል።

ንጽጽሩ በዚህ አያበቃም። ተማሪ ይመጣል፣ ተማሪ ይሄዳል፤ የኔታ ግን እዚያው ዛፍ ሥር ይቀራሉ። የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ከፕሮፌሽናሉ የሚለይበት ዋናው ነጥብም ይኸው ይመስለኛል። በፕሮፌሽናል ሊግ አንድ ኮከብ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ አሠልጣኙ ግን ሊባረር ይችላል። በዉደን ዘመን በነበረው የኮሌጅ ጨዋታ ኮከቡ ተመርቆ ይሄዳል፤ የሚቀረው አሠልጣኙ ነው። እንዲያውም እስከ 1972 ድረስ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በዋናው ቡድን እንዲሰለፉ ደንቡ ስለማይፈቅድ፣ አንድ ታላቅ ተጫዋች ለአሠልጣኙ የሚያገለግለው ለሦስት የውድድር ዘመን ብቻ ነበር። ስለዚህ አሠልጣኙ ከሀ ሁ በየጊዜው እንደገና መጀመር አለባቸው። በየዓመቱ ካልሲ፤ በየዓመቱ የጫማ ክር።

ደግሞም በሙያቸው መምህር ነበሩ። በ1910 በኢንዲያና ግዛት በገጠር ተወልደው ያደጉት ጆን ዉደን በፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ራሳቸው ስመ ጥር ተጫዋች ነበሩ። በ1932 ተመርቀው ኔል ተብላ የምትጠራውን ኔሊ ራይሊን አገቡና በኬንታኪ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማርና ቡድን ማሠልጠን ጀመሩ። የመጀመሪያው ዓመት ውጤታቸው 6 ድል በ11 ሽንፈት ነበር፤ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ሽንፈት ከድል የበለጠበት ዓመት እርሱ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ኢንዲያና ተመለሱና ሳውዝ ቤንድ ከተማ ለዓመታት አስተማሩ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በባሕር ኃይል አገለገሉ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 የኢንዲያና ስቴት መምህራን ኮሌጅን ያዙ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ፤ ስለ ዉደን ሲነገር ብዙ ጊዜ በጨረፍታ የሚታለፍ ታሪክ ነውና። በ1947 ቡድናቸው በካንሳስ ሲቲ በሚካሄደው የአነስተኛ ኮሌጆች ብሔራዊ ውድድር እንዲሳተፍ ተጋበዘ። ደንቡ ግን ጥቁር ተጫዋቾችን አያስገባም ነበር፤ በቡድኑ ውስጥ ደግሞ ክላረንስ ዎከር የሚባል ጥቁር ተማሪ ነበር። ዎከር ዋና ተሰላፊ አልነበረም፤ እሱን ትቶ መሄድ ለቡድኑ አቅም ብዙ አያጎድልም ነበር። ዉደን ግን ግብዣውን አልቀበልም አሉ። በማግሥቱ ዓመት ክልከላው ተነሣ፤ ዎከርም በዚያ ውድድር የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ፤ ቡድኑም እስከ ፍጻሜው ተጉዞ በሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተሸነፈ። ከአሥሩ ዋንጫዎች ሁሉ በፊት ዉደን ለእኔ ትልቅ የሆኑት በ1947 ነው።

ዩሲኤልኤን የያዙት በ1948 ነው፤ እርሱም በበረዶ ምክንያት ነበር ለማለት ይቻላል። ልባቸው ያለው ወደ ትውልድ አካባቢያቸው በሚቀርበው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሚኒሶታዎች በቀጠሮው ሰዓት ሊደውሉላቸው ሲገባ፣ በአካባቢው የወረደው ከባድ በረዶ ስልክ አቋረጠ። በዚያው መካከል ዩሲኤልኤ ደወለ፤ ዉደንም እሺ አሉ። ቆይቶ ሚኒሶታ ሲደውል ቃላቸውን ሰጥተው ነበርና አላጠፉትም።

ዩሲኤልኤ ሲደርሱ ያገኙት ጂምናዚየም አሮጌ፣ ጠባብ፣ በፎቅ ላይ ያለ አዳራሽ ነበር፤ የጂምናስቲክና የትግል ስፖርተኞችም እዚያው ይለማመዱ ነበር። ዋና አሠልጣኙ ከልምምድ በፊት ወለሉን ራሳቸው ይወለውሉ ነበር። ያለፈው ዓመት ቡድን 12 አሸንፎ 13 ተሸንፎ ነበር፤ በእርሳቸው የመጀመሪያ ዓመት 22 አሸንፎ 7 ብቻ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ግን ልብ በሉልኝ፦ 15 የውድድር ዘመን አለፈ፤ አንድም ብሔራዊ ዋንጫ አልመጣም። አሥራ አምስት! በ1962 ወደ መጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ደርሰው በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ቡድን 72 ለ70 ተሸነፉ። ዛሬ ሁለት ደካማ ዓመት ያሳለፈ አሠልጣኝ ምን እንደሚደርስበት የምታውቁት ነው።

ለውጡን ያመጣው ምን ነበር? የቅርጫት ኳስ መሠረታዊ ደንቦችን ታውቃላችሁ ብዬ ስለማምን በአጭሩ ልለፈው። ረዳታቸው ጄሪ ኖርማን በሙሉ ሜዳ የሚደረግ የዞን ጫና፣ ማለትም እያንዳንዱ ተከላካይ አንድን ሰው ሳይሆን አንድን የሜዳ ክፍል እየጠበቀ ተጋጣሚን የሚያስጨንቅበትን ስልት፣ ይጠቀሙ ዘንድ ወተወቷቸው፤ አሰላለፉ ሁለት ፊት፣ ሁለት መካከል፣ አንድ ኋላ ነው። ዓላማው ኳስ መንጠቅ ብቻ አልነበረም፤ ይልቁንም ኳሱን በ10 ሰከንድ ውስጥ ከመሐል መስመር ማሳለፍ ያለበትን ተጋጣሚ ከለመደው ፍጥነት ማውጣት፣ ማጣደፍና ማሳሳት ነበር። በ1964 ዩሲኤልኤ 30 ጨዋታ አድርጎ 30ውንም አሸነፈ፤ በፍጻሜው ዱክን 98 ለ83 ረታ።

ቻናላችንን ገና ያልተቀላቀላችሁ ብትቀላቀሉ ደስ ይለናል፤ የምታነሷቸውን ጥያቄዎች አነባቸዋለሁ፤ ቀጣዩ ክፍልም ከእነዚሁ ጥያቄዎች የመጣ ነው።

ብዙ ተመልካቾች ደጋግማችሁ የምትሉት አንድ ነገር አለ፦ «ዉደን ያሸነፉት ሉ አልሲንዶርና ቢል ዋልተን ስለነበሯቸው ነው፤ እነዚያ ካሉ ማንም ያሸንፋል።» አባባሉ በጣም የተስፋፋ ስለሆነ በሚገባ መመለስ አለበት፤ የዉደንን ሥራ ትርጉም የሚወስነው እርሱ ነውና። እስቲ ዋንጫዎቹን አብረን እንቁጠር። በኋላ ካሪም አብዱልጀባር የተባለው አልሲንዶር በተሰለፈባቸው ዓመታት የመጡት ሦስት ናቸው፦ 1967፣ 1968 እና 1969። በዋልተን ጊዜ የመጡት ሁለት ናቸው፦ 1972 እና 1973። ሦስትና ሁለት አምስት ነው። የቀሩት አምስቱስ? 1964፣ 1965፣ 1970፣ 1971 እና 1975። ግማሹ፣ እኩል ግማሹ፣ ከሁለቱ አንዳቸውም በሌሉበት የተገኘ ነው።

የ1964ቱን ቡድን ተመልከቱ። ከቋሚ ተሰላፊዎቹ ከ1 ሜትር ከ96 የሚበልጥ አልነበረም፤ በፍጻሜው የገጠማቸው ዱክ ደግሞ 2 ሜትር ከ08 የሚረዝሙ ሁለት ተጫዋቾች ነበሩት። በመጀመሪያው አጋማሽ ከሦስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ዩሲኤልኤዎች 16 ነጥብ ያለ ምላሽ አከታትለው አስቆጠሩ። በ1965 ጌይል ጉድሪች የሚባል ቁመቱ አነስተኛ ተጫዋች በፍጻሜው ብቻውን 42 ነጥብ አገባ። በ1970 አልሲንዶር ሄዷል፤ ተጋጣሚያቸው ጃክሰንቪል 2 ሜትር ከ18 የሚረዝመው አርቲስ ጊልሞር አለው፤ ዩሲኤልኤ ግን 80 ለ69 አሸነፈ።

ይህን ስል የሁለቱን ታላቅነት እያሳነስኩ አይደለም። አልሲንዶር በተሰለፈባቸው ሦስት ዓመታት ቡድኑ 88 ጊዜ አሸንፎ 2 ጊዜ ብቻ ተሸንፏል፤ በዋልተን ጊዜ 86 አሸንፎ 4 ተሸንፏል። በ1973 ፍጻሜ ዋልተን 22 ጊዜ ሞክሮ 21ዱን አስገብቷል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ተሰጥኦ ያለውን ወጣት ማስተማር ራሱ ሥራ ነው። ዋልተን አንድ ጊዜ ጢሙን አሳድጎ ወደ ልምምድ መጣና እንዲህ መሆን መብቴ ነው አለ። ዉደን በእምነቱ መጽናቱን እንደሚያከብሩለት ነግረው፣ በቡድኑ ውስጥ ባለመኖሩ ግን እንደሚናፍቁት ገለጹለት። የዘመኑ ታላቅ የኮሌጅ ተጫዋች በብስክሌት ወደ ፀጉር አስተካካይ ከነፈ።

ሮናልድ ጋሊሞርና ሮላንድ ታርፕ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከ1974 እስከ 1975 በነበረው የውድድር ዘመን ልምምዱን እየተከታተሉ የአሠልጣኙን ንግግርና ምልክት መዝግበው ነበር። ከመዘገቧቸው 2,326 የማስተማር ድርጊቶች ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ መረጃ የሚሰጥ ነበር፦ ምን መደረግ እንዳለበትና እንዴት እንደሚደረግ። ሙገሳውም ሆነ ተግሣጹ እያንዳንዱ ከመቶ 7 እንኳ አልሞላም። የኔታን ለምን እንዳነሣሁ አሁን ይበልጥ ግልጽ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ሽንፈቶቹንና ጥላውን መደበቅ ተገቢ አይደለም። 88 ጨዋታ የዘለቀው የአሸናፊነት ሰንሰለት በጥር 1974 በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተበጠሰ፤ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር በ11 ነጥብ እየመሩ ሳለ ተጋጣሚው 12 ነጥብ አከታትሎ አስቆጥሮ 71 ለ70 አሸነፈ። ከዚህ የከበደው ግን ሌላ ነው። በዉደን ዘመን በቡድኑ ዙሪያ የነበረ አንድ ባለጸጋ ደጋፊ ለተጫዋቾች ከደንብ ውጭ እርዳታ ያደርግ ነበር፤ እርሳቸው ከለቀቁ በኋላ በ1981 ዩኒቨርሲቲው ከደንብ ጥሰት ጋር በተያያዘ ተቀጥቷል። ዉደን ራሳቸው በጥፋት አልተከሰሱም፤ ዋና አሠልጣኝ ግን በቡድኑ ዙሪያ የሚሆነውን ይበልጥ አጥብቆ መጠየቅ ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

በመጋቢት 1975 በሳንዲያጎ፣ ዩሲኤልኤ በግማሽ ፍጻሜው ሉዊቪልን በጭማሪ ሰዓት 75 ለ74 አሸነፈ። የሉዊቪል አሠልጣኝ ዴኒ ክራም ነበሩ፤ በዩሲኤልኤ የዉደን ተጫዋች፣ ቀጥሎም የዉደን ረዳት የነበሩ። ዉደን የራሳቸውን ደቀ መዝሙር በአንዲት ነጥብ ከረቱ በኋላ ወደ መልበሻ ክፍል ገብተው የሚቀጥለው ጨዋታ የመጨረሻቸው እንደሚሆን ለልጆቹ ነገሯቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ኬንታኪን 92 ለ85 አሸንፈው አሥረኛውን ዋንጫ ይዘው ወጡ። በእርሳቸው ቦታ የተተኩት ጂን ባርቶው በሁለት ዓመት 52 አሸንፈው 9 ብቻ ተሸንፈው ነበር፤ ነገር ግን የንጽጽሩን ሸክም ትተው ሄዱ።

ዉደን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከዩሲኤልኤ ተቀያሪዎች መቀመጫ ጀርባ በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠው ጨዋታ ይመለከቱ ነበር። ባለቤታቸው በ1985 አረፉ፤ እርሳቸውም በየወሩ በ21ኛው ቀን ደብዳቤ ይጽፉላቸውና በትራሳቸው ላይ ያኖሩት ነበር። በ2003 ዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ አዳራሹን የፖሊ ፓቪሊየንን ሜዳ በስማቸው ለመሰየም በወሰነ ጊዜ የባለቤታቸው ስም እንዲቀድም ጠየቁ። በ2010 በ99 ዓመታቸው አረፉ፤ ሜዳው ዛሬም «የኔልና የጆን ዉደን ሜዳ» ተብሎ ይጠራል።