ዓይኔ ነው ወይስ ጭሱ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከደሴ የደወሉ እናት፦ ቡና ሳፈላ ከማጨሻው የሚነሳው የእጣን ጭስ ሰማያዊ ሆኖ ይታየኛል። ያው ጭስ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ግን ወደ ቡናማ ያደላል። ዓይኔ ነው ወይስ ጭሱ?

መልስ፦ ዓይንዎም ጭሱም ደህና ናቸው፤ የተለያየው ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ገና ከፍሙ የተነሳ ጭስ ብናኞቹ እጅግ ደቃቅ ናቸው፤ አብዛኞቹ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞሉም። እንዲህ ያለ ብናኝ ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አብልጦ ወደ ጎን ይበትናል። በኋላ ሎርድ ሬይሊ የተባሉት እንግሊዛዊ በ1871 እ.ኤ.አ. ስሌቱን ሠርተውታል፦ ብናኙ ከብርሃኑ ሞገድ በጣም ካነሰ፣ የሞገዱ ርዝመት በግማሽ ሲያጥር የሚበተነው ብርሃን 16 እጥፍ ይሆናል። ጭሱን ከጨለማው ጥግ አንጻር ሲያዩት የሚደርስዎት የተበተነው ነው፤ በመስኮቱ አንጻር ሲያዩት ደግሞ ሰማያዊው ተቀንሶለት ያለፈው።

ከባሕር ዳር፣ የውሃ ማጣሪያ ሠራተኛ፦ የድፍርስነት መለኪያችን ብርሃን ተቀባዩ ከአምፖሉ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ነው። ለምን? ደግሞስ በክረምት ጭቃ የሆነ ውሃ አንዳንዴ ዝቅ ያለ ቁጥር የሚያሳየው?

መልስ፦ ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ የጠራ ውሃ የሚቀንሰው ብርሃን ከኢምንት ስለማይበልጥ አይለይም ነበር። በ90 ዲግሪ ግን ጨለማ ነው፤ በጨለማ ውስጥ ጭላንጭልም ትታያለች። ከክሎሪን በፊት ድፍርስነቱ ከ1 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ጀርም ከብናኙ ሥር ይሸሸጋልና።

ሁለተኛውን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ብዙ ሰው ቁጥሩን አምኖ መዝግቦ ያልፋል። ውሃው በጣም ሲደፈርስ የተበተነው ብርሃን ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ ደግሞ ይበተናል፣ ይዋጣል፤ መሣሪያውም የጠራ ውሃ ያገኘ ይመስለዋል። ናሙናውን በእኩል መጠን ንጹሕ ውሃ ያቅጥኑት። ንባቡ በግማሽ ካልወረደ የመጀመሪያውን ቁጥር አይመኑት፤ እየደጋገሙ ያቅጥኑና በማቅጠኛው ልክ ያባዙ። ብርጭቆውን ከአንገቱ ይያዙት፤ የጣት አሻራም ብርሃን ይበትናል። የአየር አረፋው እስኪወጣ ይታገሡ፣ ጭቃው እስኪዘቅጥ ግን አይጠብቁ።

ከአዲስ አበባ፣ ተማሪ፦ በቤት ውስጥ መለካት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። ካርቶን ውስጡን ጥቁር ቀባና ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀምጥበት። በአንድ ወገን የእጅ ባትሪ፣ በጎን ደግሞ ብርሃን የሚለካ መተግበሪያ የጫንክበትን ስልክ አድርግ፤ ብዙ ጊዜ ዳሳሹ ያለው ከማያው በላይ ነው፣ በጣትህ ሸፍነህ አረጋግጥ። ወተት ጠብታ በጠብታ እየጨመርክ ቁጥሩን መዝግብ። መጀመሪያ ከጠብታው ጋር እኩል ይወጣል፣ ከዚያ መስመሩ ይጎብጣል። የባሕር ዳሩ ወንድማችን የጠየቁት እሱን ነው።