ተሳቢ ሲጎትት ኋላው የሚሰምጥ ፒካፕ፦ መጀመሪያ ሚዛን፣ ከዚያ ባሌስትራ

[ምስል፦ ባለሁለት አክስል ተሳቢ ላይ ካምሪ ተጭናለች። ከፊት ኤፍ-150 ፒካፕ፤ ኋላው ወርዶ አፍንጫው ሽቅብ ያያል።]

ይህን ፒካፕ ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ኤርባግ አስገጥምበት» ነው። ኤርባግ (በኋላ አክስሉ ላይ የሚቀመጥ፣ በአየር የሚነፋ የጎማ ከረጢት) ቢገጠም ኋላው ይነሳል፣ ለዓይንም ያምራል። መሪው ግን እንደቀለለ፣ የፊት ፍሬኑም እንደሰነፈ ሊቀር ይችላል። የኋላው መውረድ የሚነግረን ክብደት መጨመሩን ብቻ ነው፤ ክብደቱ ከየት ተነስቶ የት እንዳረፈ አይነግረንም። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት ሚዛን።

ለምሳሌ የያዝነው አሜሪካ ውስጥ መኪና ከጨረታ ግቢ የሚያመላልስ ሰው የሚያዘወትረውን ተሳቢ ነው፦ 18 ጫማ መድረክ፣ 7,000 ፓውንድ የተፈቀደለት። ባዶው 2,000 ፓውንድ ገደማ ነው፤ ካምሪዋ 3,400፤ ከማሰሪያውና ከሌላው ዕቃ ጋር 5,500 እንበል።

[ምስል፦ የጭነት መኪናዎች ማደያ፣ የሚዛኑ ሦስት መድረኮች ከላይ ሲታዩ]

በትልልቅ የጭነት መኪና ማደያዎች ያለው ካት ስኬል ሦስት መድረክ አለው። የፒካፑ የፊት ጎማ አንደኛው ላይ፣ የኋላው ሁለተኛው ላይ፣ የተሳቢው ጎማዎች ሦስተኛው ላይ ይቆማሉ። ሁለት ጊዜ ተመዘኑ፦ አንዴ ተሳቢው እንደተያያዘ፣ አንዴ ፒካፑ ብቻውን። ሰውም፣ ዕቃም፣ ነዳጅም በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። ክብደት የሚያከፋፍል ሂች (ተሳቢውን ከፒካፑ የሚያያይዝና ጭነቱን በሚወጠሩ ዘንጎች የሚያካፍል) ካላችሁ ዘንጎቹን ፍቱ። ከዚያ ከተያያዘው የፊትና የኋላ ድምር ላይ የብቻውን ድምር ቀንሱ። የሚቀረው ተሳቢው ቦሉ ላይ፣ ማለትም በሚያያዝበት ክብ ብረት ላይ፣ ያሳረፈው ክብደት ነው፤ የቦል ጭነት እንበለው። እዚያው ሚዛን ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ድጋሚ ለመመዘን የሚከፈለው አነስተኛ ስለሆነ በአንድ ጉዞ ጨርሱት።

የቦል ጭነት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ለ5,500 ፓውንድ ከ550 እስከ 825 ማለት ነው። 700 እንውሰድ።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ሒሳብ። ቦሉ ላይ 700 አረፈ ማለት የኋላ አክስል ላይ 700 ተጨመረ ማለት አይደለም። ቦሉ ከኋላ አክስል ወደ 58 ኢንች ይርቃል፤ በፊትና በኋላ አክስል መካከል ደግሞ 145 ኢንች አለ። 700ን በ58 አባዝታችሁ ለ145 አካፍሉት፤ 280 ይመጣል። ይህ 280 ፓውንድ ከፊት ጎማዎች ላይ ተነስቶ ወደ ኋላ ሄዷል። የኋላ አክስል የተሸከመው እንግዲህ 980 ነው። መሪው የሚቀለው፣ የፊት መብራታችሁም ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን የሚወጋው ለዚህ ነው።

[ምስል፦ የሹፌሩ በር ተከፍቶ ምሰሶው ላይ ያሉት ሁለት ተለጣፊዎች]

የሚዛኑን ወረቀት ይዛችሁ የሹፌሩን በር ክፈቱ። አንደኛው ተለጣፊ ሰውና ጭነት ተደምሮ ከስንት ፓውንድ ማለፍ እንደሌለበት ይናገራል፤ የቦል ጭነትም፣ የሂቹ ክብደትም፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ጓደኛችሁም ከዚያ ላይ ይቀነሳሉ። ሌላው የኋላ አክስል የሚችለውን ይዟል። የሚዛኑ ቁጥር ከዚያ ካለፈ የትኛውም ኤርባግ፣ የትኛውም ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ቅጠል ሞላ) ያንን ቁጥር አያሳድገውም። አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ጎማው፣ ፍሬኑ የድሮዎቹ ናቸው። «አሁን 5,000 ፓውንድ ይችላል» የሚል ሻጭ የሚያወራው ስለ ኤርባጉ አቅም እንጂ ስለ መኪናችሁ አይደለም። ቁጥሩ ካለፈ ያላችሁ ምርጫ ጭነት መቀነስ ወይም ከፍ ያለ ፒካፕ ነው።

ቁጥሩ ከውስጥ ከሆነ መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን አስተካክሉ፤ እሱም የካምሪዋ አቀማመጥ ነው። ከቦሉ እስከ ተሳቢው አክስሎች መሃል 15 ጫማ አካባቢ ነው። 3,400 ፓውንድ መኪና አንድ ጫማ ወደ ኋላ ስትገፉ የቦል ጭነቱ ወደ 225 ፓውንድ ይቀንሳል፤ ወደ ፊት ስታስጠጉ በዚያው ልክ ይጨምራል። ሞተሯ ከፊት ስለሆነ ካምሪዋን አዙሮ በቂጧ መጫንም ቁጥሩን ይለውጠዋል። ግን ኋላው እንዲነሳ ብቻ ብሎ መኪናዋን ወደ ኋላ መግፋት አደገኛ ነው። የቦል ጭነቱ ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ተሳቢው በፍጥነት ላይ እንደ ዓሣ ጅራት መወናጨፍ ይጀምራል። የተስማማችሁን ቦታ ስታገኙ የፊት ጎማዋ የቆመበትን የመድረኩን ጠርዝ በቀለም ምልክት አድርጉበት።

ቀጥሎ ሂቹ። ከፓራውልቱ ስር የሂች መቀበያው ላይ ተለጣፊ አለ፤ በብዙ ቀላል ፒካፖች ላይ ሁለት መስመር ነው። ያለ ክብደት ማከፋፈያ 5,000 ፓውንድ ተሳቢና 500 የቦል ጭነት፣ ከማከፋፈያ ጋር ደግሞ ከፍ ያለ ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። የእኛ 5,500 እና 700 ከመጀመሪያው መስመር አልፏል። ስለዚህ እዚህ ላይ ክብደት የሚያከፋፍለው ሂች ግዴታ ነው። ዘንጎቹ ሲወጠሩ ከኋላ አክስል ላይ ክብደት አንስተው ከፊሉን ወደ ፊት ጎማ፣ ከፊሉን ወደ ተሳቢው ጎማዎች ይመልሳሉ። ኤርባግ ይህን አይሠራም። ኤርባግ ከፍታ ይመልሳል፤ የፊት ጎማ ያጣውን 280 ፓውንድ አይመልስም።

አለካኩ ቀላል ነው። ከመሬት እስከ ፊት ፓራፋንጎው ከንፈር ለኩ። ብቻውን 38 ኢንች፣ ተሳቢው ሲያያዝ 39 ሆነ እንበል። አምራቹ ምን ያህል መመለስ እንዳለበት በመመሪያው ይጽፋል፤ ግማሹን የሚል ከሆነ 38 ተኩል እስኪደርስ ዘንጎቹን ወጥሩ። ከዚያ በላይ መወጠር ኋላውን ያቀልና እርጥብ ኩርባ ላይ ያንሸራትታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ኋላው አሁንም ከመጠን በላይ ከወረደ፣ ወይም ጉድጓድ ላይ አክስሉ ከበላዩ ያለውን የጎማ መጋጫ እየመታ ከሆነ፣ ያኔ ወደ ዕቃው እንሂድ።

[ምስል፦ ከስር በባትሪ ብርሃን፣ ባሌስትራ፤ መሃሉ ላይ የዛገ ስንጥቅ]

በመጀመሪያ ያለውን ባሌስትራ እዩ። ባዶ መኪና ላይ ቅጠሎቹ ጠፍጣፋ ሆነው ወይም ወደ ላይ ተቀልብሰው ከሆነ፣ ወይም ግራና ቀኙ ከአንድ ኢንች በላይ ከተለያየ፣ ባሌስትራው ደክሟል። በመሃለኛው ብሎን አካባቢ ስንጥቅ ፈልጉ። የደከመ ባሌስትራ ላይ ኤርባግ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ አዲስ ሙሉ ባሌስትራ ይግባ።

ባሌስትራው ጤነኛ ከሆነና ፒካፑ ግማሹን ጊዜ ባዶውን የሚሄድ ከሆነ የእኛ ምርጫ ኤርባግ ነው። በአክስሉና በሻንሲው መካከል ሁለት የጎማ ከረጢት ይቀመጣሉ። በባሌስትራ መኪና የሚገጠሙት የተለመዱት ከ5 እስከ 100 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይይዛሉ። የኋላ ሞላቸው ጥቅልል በሆነ መኪኖች፣ ለምሳሌ ራም 1500፣ ሞላው ውስጥ የሚገባ ትንሽ ከረጢት አለ፤ እሱ ከ35 ማለፍ የለበትም። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

ለግራና ለቀኝ የየራሱ ቱቦና የየራሱ መንፊያ ይኑረው። በአንድ ቱቦ ከተገናኙ ኩርባ ላይ አየሩ ከተጫነው ወደ ቀለለው ይሸሽና መኪናው ይብስ ያዘነብላል። አየር ስትሞሉ ዘንጎቹን አስቀድማችሁ አስተካክሉ፤ ከዚያ 5፣ 5 እየጨመራችሁ ኋላውን ለኩ። ወደ ባዶው ከፍታ ሙሉ በሙሉ አትመልሱት፤ አንድ ኢንች ዝቅ ይበል። ሲጨርሱ የፊት ፓራፋንጎውን ድጋሚ መለካት አይረሳ፤ ኋላውን ስታነሱ የዘንጎቹ ውጥረት ላልቶ ሊሆን ይችላል።

ኤርባግ የሚሞተው በአብዛኛው በሦስት መንገድ ነው። አየር ሳይኖረው ሲነዳ ጎማው ይታጠፍና ይቆነጠጣል፤ ባዶም ሲሆን 5 ፒ.ኤስ.አይ ይኑረው። ማርሚታ አጠገብ ያለ መከላከያ ሲገጠም ይቀልጣል። ሻንሲው በክሪክ ተነስቶ አክስሉ ሲንጠለጠል ደግሞ ከመጠን በላይ ይለጠጣል፤ ከማንሳታችሁ በፊት አየሩን አስተንፍሱ። አየር ቀስ እያለ ካነሰ ግን ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ ከረጢቱ ሳይሆን ቱቦው ነው። በፒንሳ የተቆረጠ ጫፍ ተጨፍልቆ ሞላላ ይሆናል፣ መጋጠሚያው ውስጥም ያፈስሳል። በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት፤ እስከ መጨረሻው ግፉት፤ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ቀቡ። አረፋ ካልወጣ ጨርሳችኋል።

ከመጠን በላይ መሙላት ሌላ ጣጣ አለው። ባሌስትራ ክብደቱን ሻንሲው ላይ በሁለት ቦታ፣ በፊትና በኋላ ጆሮው ያሳርፋል። ኤርባግ ግን አንድ ነጥብ ላይ፣ ከአክስሉ በላይ ይገፋል፤ ከኋላ ደግሞ ተሳቢው ወደ ታች ይጎትታል። በአውስትራሊያ ኮረኮንች መንገድ ላይ የሂሉክስ ቢጤ ፒካፖች ሻንሲ ተቆልምሞ የሚታየው እንዲህ ባለ ጭነት ነው።

አየር መፈተሽ ለሚሰለቸው የጎማ ድጋፍ አለ፤ ቲምብረን የታወቀው ነው። የፋብሪካው መጋጫ ይወጣና ወፍራም ጎማ በቦታው ይገባል። ባዶ ሲሆን ከአክስሉ ጋር ክፍተት ሊኖረው ይገባል፤ ሁልጊዜ ከነካ ግን መኪናው ባዶውን ወገብ ይሰብራል።

ተጨማሪ የባሌስትራ ቅጠል የሚያዋጣው ፒካፑ ሁልጊዜ ጭነት ላይ ከሆነ ብቻ ነው። አንዴ ከገባ ባዶም ሆነ ሙሉ ያው ድርቀት ነው። የመሃለኛው ብሎን ራስ የአክስሉ መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባቱን አረጋግጡ፤ ካልገባ አክስሉ ይንሸራተታል። አሮጌውን ዩ-ቦልት (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረውን የዩ ቅርጽ ብሎን) መልሳችሁ አትጠቀሙ፤ ሲጠብቅ ተለጥጧልና አዲስ ይገዛ።

አሞርዛተር ክብደት አይሸከምም፤ ንዝረት ይገታል። ዘይት ካፈሰሰ ቀይሩት፣ ከዚያ ያለፈ አትጠብቁበት። በአየር የሚነፋውን አሞርዛተር ግን አንመክርም፤ መያዣው ጆሮ የተሠራው መኪና እንዲሸከም አይደለም። የኋላ ስዌይ ባር (ግራና ቀኙን የሚያያይዝ ዘንግ) ኩርባ ላይ ማዘንበልን ይቀንሳል፤ የተሳቢን መወናጨፍ አያድንም።

ጎማውንም እዩ። የቤት መኪና ዓይነቱ ጎማ ፒካፕ ላይ ሲገጠም የተጻፈበት አቅም ለ1.1 ይካፈላል፤ 2,500 የሚለው 2,270 ገደማ ይሆናል። «ተሳቢው ይጎትተኛል» የሚባለው መዋለል አንዳንዴ የጎማው ጎን መልፈስፈስ ነው። ኤል.ቲ. (የቀላል ጭነት መኪና ጎማ ማለት ነው) የተጻፈበት፣ የጭነት ደረጃው ኢ የሆነ ጎማ እስከ 80 ፒ.ኤስ.አይ ይይዛል፤ ጎኑም ደረቅ ነው።

[ምስል፦ ቶርክ ሬንች ዩ-ቦልት ዳዶ ላይ]

የተገጠመው ምንም ይሁን፣ ከ500 ማይል በኋላ የዩ-ቦልቶቹንና የመያዣዎቹን ዳዶ አምራቹ በጻፈው ልክ በቶርክ ሬንች ድጋሚ አጥብቁ። እዚያው ስር እንዳላችሁ ባትሪ አብርታችሁ የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን ተከተሉ። ከረጢቱ ሲነፋ ይወፍራል፤ በዙሪያው ቢያንስ ግማሽ ኢንች ክፍት ቦታ ከሌለ ሽቦውን በማሰሪያ ወደ ውጭ ሳቡት።