መልሕቅ ጥሎ ማደር፦ ከደሴ እስከ ተጁራ

ትዕግሥት፦ ጀመርን እንግዲህ። ሰዒዶ፣ የደሴ ልጅ ባሕር ላይ ምን አገባው ለሚሉን ዛሬ መልስ ስጥ።

ሰዒድ፦ (ሳቅ) አብሽሪ፣ መንገዱ አንድ ነው። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ከዚያ ጅቡቲ። የወሎ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። እነሱ ጭነው ይመለሳሉ፤ እኔ ቱሪስት የሚያመላልስ የሸራ ጀልባ ላይ ረዳት ሆኜ ቀረሁ።

ትዕግሥት፦ እስቲ ከጉዞው ጀምርልን።

ሰዒድ፦ ጉዞው ቀላሉ ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነፋሱ ባብዛኛው ከምሥራቅ ነው። ከጅቡቲ ከተማ ወጥተሽ ባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለችው ወደ ተጁራ ከተማ ስታቀኚ ከቀኝ በስተኋላ ይመጣልሻል። ሸራው ይወጠራል፣ ጀልባዋ ወደ ግራ ዘንበል ትላለች፣ ሄደሽ ነው። በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ካገኘሽ ከቁርስ እስከ ምሳ ትደርሻለሽ። ሰኔና ሐምሌ ግን ኸምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አለ፤ እሱን አላወራልሽም።

ትዕግሥት፦ ማታስ? ውሃ ላይ እንዴት ይታደራል?

ሰዒድ፦ ሙያው እዚያ ጋ ነው! ሸራ መወጠር ማንም ይለምዳል። ተራራው ነፋሱን የሚከልልልሽ ጥግ ትፈልጊያለሽ፤ ቀጥሎ ታች ያለውን ታያለሽ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ አሸዋው ነጣ ብሎ፣ ኮራሉ፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት ድንጋይ፣ ጠቆር ብሎ ይለያል። ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ ግድ ነው። ኮራል ላይ መልሕቅ የሚጥል ሰው ያናድደኛል። ስንት ዘመን የወሰደውን ይሰብራል፣ ሰንሰለቱም እዚያው ይቀረቀርበታል።

ትዕግሥት፦ መልሕቁ በጣም ከባድ መሆን አለበት መቼም።

ሰዒድ፦ ሁሉም እንዲያ ነው የሚመስለው። ዋናው ክብደቱ አይደለም። ጥርሱ አሸዋ ውስጥ ይቀበርና፣ ሰንሰለቱ ወለሉ ላይ ተጋድሞ በአግድም ሲስበው ነው የሚይዘው። ሰንሰለቱ አጥሮ ወደ ላይ ከሳበው ይነቀላል። ቢያንስ የጥልቀቱን 5 እጥፍ ልቀቂ። ውሃው 6 ሜትር ከሆነ፣ የጀልባዋ አፍንጫ ከውሃው በላይ ያለውን 1 ሜትር ደምሪበት፤ 7 ሲባዛ በ5፣ 35 ሜትር። ገመድ ከሆነ 7 እጥፍ ይሻላል። ደግሞ ባሕሩ ሌሊት ሊሞላ ይችላል፤ ሂሳቡ በሙላቱ ነው።

ትዕግሥት፦ ደሴ አጠገብ ያለው የኛው ሐይቅ ላይ ብትሞክረውስ?

ሰዒድ፦ መሃሉ ከ80 ሜትር በላይ ነው እኮ! 400 ሜትር ሰንሰለት ልትጭኚ ነው? ዳር ዳሩን ካልሆነ አይሆንም።

ትዕግሥት፦ እስጢፋኖስ ገዳም ጋ ትጥላለህ እንግዲህ። ድሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ በእግር ይገባል። ለእናንተ ለወንዶቹ ማለቴ ነው።

ሰዒድ፦ (ሳቅ) ይሄን እኔ ላይ አትጣይው። ስትጥዪ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙረሽ ትቆሚያለሽ። መልሕቁን አትወርውሪው፤ ቀስ ብለሽ አውርጂው፣ ጀልባዋ ወደ ኋላ ስትሄድ ሰንሰለቱን ልቀቂ። በመጨረሻ ሞተሩን ወደ ኋላ ትሰጪና በባዶ እግርሽ ሰንሰለቱን ትነኪያለሽ። እየተንገጫገጨ ከነዘረሽ መልሕቁ እየተጎተተ ነው፤ አንስተሽ እንደገና ጣዪ። ጸጥ ካለ ይዟል።

ትዕግሥት፦ ተኝታችሁ ቢነቀልስ?

ሰዒድ፦ ዱሮ ዳር ላይ ሁለት መብራት ይዘን ነበር የምንጠብቀው፤ የተጁራን የመስጊድ ሚናራ ከአንድ ቤት መብራት ጋር እናሰልፋለን። ከተለያዩ ተንሸራተናል ማለት ነው። አሁን የጂፒኤስ ማንቂያ አለ። እኔ ግን ሰው በፈረቃ ቢነቃ እመርጣለሁ፣ ነፋስ ሲዞር ጀልባዋም በመልሕቁ ዙሪያ ትዞራለችና። ከየትም የሚታይ ነጭ መብራት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል።

ትዕግሥት፦ ሌላ ጀልባ መጥቶ አጠገባችሁ ቢጥልስ?

ሰዒድ፦ ቀድሞ የጣለ ባለመብት ነው። የመጣው ነው ስንት ሜትር ለቀቃችሁ ብሎ የሚጠይቀው። ካልጠየቀ እጮህበታለሁ።

ትዕግሥት፦ በምን ቋንቋ?

ሰዒድ፦ በአፋርኛ እጀምራለሁ፣ በፈረንሳይኛ እሞክራለሁ። እሱም ካልሆነ በአማርኛ፤ ጅቡቲ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ አይጠፋም።