ስፖኪዮውን ለምን ትቀይራላችሁ? ከግጭት በኋላ የጎን ራዳር ካሊብሬሽን

ሰላም ሰላም! ዛሬ ከኋላ ተገጭቶ የተሠራ መኪና ነው ርዕሳችን፤ ጎናችሁ መኪና ሲኖር የሚያስጠነቅቃችሁን የጎን ራዳር እይታውን መልሶ ማስተካከል፣ ማለትም ካሊብሬሽን። ላሜራው ተቃንቷል፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ፓራውልቱ እንደ አዲስ። ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር ስትሄዱ ግን ሚኒባስ ጎናችሁ ተለጥፎ፣ ስፖኪዮው ላይ ያለችው ብርቱካናማ መብራት ዝም! ወይ ደግሞ ማንም በሌለበት ብልጭ ብልጭ።

እስቲ ወያላን አስቡ። ወያላ የሚኒባሱ የጎን ዓይን ነው። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ግባ፣ ግባ... ቆይ! አለ፣ አለ!» ይላል፤ ላሜራውን ደብ ደብ ያደርጋል። ሹፌሩም ያምነዋል። አሁን ይህ ወያላ አንገቱ ተቆልምሞ አድሯል እንበል። ፊቱ ወደ እግረኛ መንገዱ ዞሯል። አልተኛም፤ ዓይኑም ጤነኛ ነው። ሊስትሮውን ያያል፣ ቡና የምታፈላዋን ያያል፣ ግንቡን ያያል። ያየውን በታማኝነት ይናገራል። «አለ!» ሲል ግንቡን ነው፤ «ግባ!» ሲል ሲኖትራኩ ጎናችሁ ነው። (ወያሎች፣ ይቅርታ፤ ለምሳሌ ነው።) ራዳሩም ይኸው ነው፤ አንገቱ መዞሩን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ክሩስኮት ላይ ምንም አልበራምና ደህና ነው የማይባለው ለዚህ ነው።

አንገት ስንት ቢዞር? ራዳሩ የሚታሰርበት መያዣ ብረት 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና አንዱ ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ቢገባ ከ1 ዲግሪ በላይ ዞረ ማለት ነው። 1 ዲግሪ 30 ሜትር ላይ ሲደርስ 52 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 3 ዲግሪ ከሆነ ሜትር ተኩል! 2 ሚሊ ሜትር በዓይን አይያዝም፤ ዲጂታል የማዕዘን መለኪያ ለጥፉበትና ግራና ቀኙን አወዳድሩ።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት፣ ኮሜንት ላይ የሚደጋገም ነገር አለ፦ «ስፖኪዮውን በአዲስ ቀየርኩት፣ አሁንም አይሠራም።» ወገኖቼ! ስፖኪዮው አፍ ነው እንጂ ዓይን አይደለም። ደግሞ ዓይን ነው ብላችሁ ብታስቡ አይፈረድባችሁም፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ቮልቮ ካሜራውን ስፖኪዮው ላይ ያደርግ ነበር። የዛሬዎቹ ግን በአብዛኛው ራዳር ናቸው፤ መዳፍ የምታክል ጥቁር ሳጥን፣ ከኋላ ፓራውልት ጀርባ፣ ግራና ቀኝ ጥጉ ላይ። ከውጭ የምታዩዋቸው ክብ ክቦቹስ? እነሱ ለፓርኪንግ ናቸው፤ ወደ ኋላ ስትሄዱ ጢጥ ጢጥ የሚሉት። ራዳሩ አይታይም። ስለማይታይም ቀለም ቀቢው ፊቱ ላይ ስቱኮ ይለጥፍበታል። ስንጥቁ በፕላስቲክ ብየዳ ይያዛል፣ ስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ሜታሊክ ቀለም ይደረብበታል። ለእጅ ልስልስ፣ ለራዳር ግንብ። ሞገዱ ፕላስቲኩን አልፎ ነው የሚሄደው፤ ውፍረቱ ሲዘበራረቅ ይታጠፋል ወይም ይመለሳል። ራዳሩ ፊት ስቱኮ ካለ ፓራውልቱ ይቀየር። ውድ ነው፣ አዎ። ስቲከርም ካለ ይነሳ፤ የፈለገ ጥሩ ጥቅስ ይሁን።

ሥራውን በሩጫ፤ ስካነር መያዝ ታውቃላችሁ። ዕቃ ይውረድ፣ ጎማው በሩ ላይ በተጻፈው ልክ ይነፋ፣ ወለሉ ሜዳ ይሁን፣ ባትሪው ቻርጀር ላይ ይሁን። በስካነሩ የራዳሩን የብልሽት ኮድ አንብቡ። ከራዳሩ ጋር ግንኙነት የለም ካለ ባትሪ ነቅላችሁ በሁለቱ የካን ሽቦዎች (የመኪናው ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩባቸው) መካከል ለኩ፤ 60 ኦም አካባቢ ነው የሚጠበቀው፣ 120 ካያችሁ መስመሩ አንድ ቦታ ተቆርጧል። ከፊትና ከኋላ አርማ መሃል ቱንቢ ጥላችሁ የመኪናውን መሃል መስመር ወለሉ ላይ አስምሩ። ራዳሩ አይቶ የሚስተካከልበትን አንጸባራቂ ብረት የአምራቹ ማንዋል በሚለው ርቀትና ከፍታ አቁሙ። ዙሪያው በርሜል፣ ክሪክ፣ ሌላ መኪና አይኑር። ካሊብሬሽኑን ከስካነሩ አስጀምሩ። «ከገደብ ውጭ» ካለ ደጋግማችሁ አትጫኑት፤ ወደ መያዣው ተመለሱ። ሶፍትዌር የተጣመመ ብረት አያቃናም።

በመንዳት የሚስተካከሉም አሉ፤ ፍጥነት ሳይቆራረጥ መሄድ ይፈልጋሉ። ከፒያሳ ቸርችልን ወርዳችሁ አትሞክሩት፣ ማለዳ ቀለበት መንገድ ውጡ።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ የፊቱ ራዳር ይቀጥላል። መኪና የምትረከቡ ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የግራና የቀኙ ውጤት የታተመበት ወረቀት፣ እና ፓራውልቱ ሳይታሰር የተነሳ የመያዣው ፎቶ።