ሲአርፒ 60 ነው ተባልኩ፣ ልፍራ?

የዛሬዎቹ ደዋዮች የጠየቁት በቫይረስ ስለሚመጣ የሳንባ ሕመምና ስለ ደም ምርመራው ነው። የሐኪማችን መልሶች እነሆ።

አድማጭ፦ ኢንፍሉዌንዛ ይዞኝ ላብራቶሪ ሄድኩ፤ ሲአርፒ 60 አሉኝ። ከ10 በላይ አደገኛ ነው ሲሉ ሰማሁ። እንቅልፍ አጣሁ።

ሐኪም፦ እንቅልፍዎንስ ይተኙ። ሲአርፒ በደም የሚለካ የሰውነት ቁጣ (ኢንፍላሜሽን) ምልክት ነው እንጂ ቫይረሱን አይለካም። ሰውነት ሲቆጣ ኢንተርሊዩኪን-6 የተባለ መልእክተኛ በደም ይዞራል፤ ጉበት ያንን ሰምቶ ሲአርፒ ያመርታል። በሰዓታት ውስጥ መጨመር ይጀምራል፣ በ2 ቀን ገደማ ጣራ ይነካል። የቁጣው መነሻ ሲበርድ ደግሞ በየ19 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ከትናንት ወዲያ ስንት ነበር ብዬ ነው። ከ120 ወርዶ 60 የሆነና ከ20 ወጥቶ 60 የሆነ ሰው አንድ አይደሉም። መገጣጠሚያ ቢቆጣም፣ ቁስል ቢያመረቅዝም ይጨምራል። ከወረቀቱ ይልቅ አተነፋፈስዎን ይከታተሉ። በጣት የሚለካው ኦክስጅን 94 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወይም ቁጭ ብለው ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ሲአርፒው ምንም ይሁን ምን ሐኪም ጋ ይሂዱ።

አድማጭ፦ ወንድሜ ስፖርተኛ ነው። ኮቪድ ያዘውና ኦክስጅን ላይ ወደቀ። በሽታ የመከላከል አቅሙ ጠንካራ አልነበረም እንዴ?

ሐኪም፦ "ጠንካራ" የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ዋናው ጥያቄ መከላከያው መቼ ተነሳ የሚለው ነው። ቫይረስ እንደገባ ሴሎች ኢንተርፌሮን ይለቃሉ፤ ይሄ ጎረቤት ሴሎችን "በር ዝጉ" የሚል ጥሪ ነው። ጥሪው ከዘገየ ቫይረሱ በሰላም ይራባል። ሰውነት ዘግይቶ ሲነቃ ደግሞ በቁጣ ይነሳል፣ የሚጎዳውም የራሱ ሳንባ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በኮቪድ በጠና ከታመሙት 10 በመቶ ያህሉ ኢንተርፌሮንን የሚያጠፋ የራሳቸው ፀረ እንግዳ አካል እንደነበራቸው አሳይቷል። ስፖርት ይህን አይቀይረውም። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ደም ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊምፎሳይት የተባለው የነጭ ደም ሴል ዓይነት ያንሳል፤ ፌሪቲን (ብረት የሚያከማች ፕሮቲን) እና ዲ-ዳይመር (የረጋ ደም ሲሟሟ የሚቀር ስባሪ) ይጨምራሉ። እኔ በተለይ የሊምፎሳይት መውረድ ያሳስበኛል፤ ተራ የደም ቆጠራ ላይ ስለሚታይ ግን ብዙ ሰው ያልፈዋል። በአጠቃላይ ሲታይ ግን ዕድሜ ትልቁ አስጊ ነገር ነው። የወንድምዎ ዓይነቱ ጥቂት ነው።

አድማጭ፦ ታዲያ ቁጣውን የሚያበርደውን ዴክሳሜታሶን ቀድሜ ብወስድስ?

ሐኪም፦ አይሆንም! ሪከቨሪ የተባለው የእንግሊዝ ጥናት በ2020 እ.ኤ.አ. ይህን አይቶታል። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ባሉት የኮቪድ ሕሙማን ሞትን በአንድ ሦስተኛ ያህል፣ ኦክስጅን ብቻ በሚወስዱት በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን አልጠቀመም፤ ጉዳት ሊኖረው እንደሚችልም ፍንጭ ታይቷል። መጀመሪያ ላይ መከላከያዎ ሥራ ላይ ነው። እሱን አስተኝተው ቫይረሱን ማን ሊገታልዎ ነው? ኢንፍሉዌንዛ ላይማ ጥቅሙ አልተረጋገጠም።

አድማጭ፦ አንቲባዮቲክ ያስፈልገኝ እንደሆነ ደም ይናገራል?

ሐኪም፦ ይጠቁማል። ፕሮካልሲቶኒን የሚባለው በደም የሚለካ ንጥረ ነገር በባክቴሪያ ሲጨምር በቫይረስ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይቆያል። ብቻውን ግን አይወስንም፤ ሐኪሙ ደረትዎን ማዳመጥ አለበት።